በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

ሲያትል ውስጥ አንድ ወገን ሲያርፍ የሚሆነው የታወቀ ነው። ስልክ ይደዋወላል፤ ለዕድሩ ሰብሳቢ ይነገራል፤ ወዳጅና ጎረቤት እንጀራውንና ወጡን ይዞ ይደርሳል፤ ለቅሶ ደራሹ ከሬንተንና ከኬንት፣ ከሊንዉድም ሳይቀር እየነዳ ይመጣል። አስከሬኑ አገር ቤት ይግባ ወይስ እዚሁ ይቀበር የሚለውም ተመክሮበት ይወሰናል። በዚህ በኩል ኢትዮጵያዊ አይታማም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ረገብ ሲል ግን ከዘመድ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ የተጻፈ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ ዝምታ ነው።

ኑዛዜ መጻፍ ሞትን እንደ መጥራት ይቆጠራል። ጤነኛ ሰው ነገሩን ቢያነሳ «ምን ያሟርትሃል?» ይባላል። የፍቺም ነገር እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ሲለያዩ «ጊዜ ይፈታዋል» ተብሎ ይታለፋል፤ ፍርድ ቤት የሄደም ገመናውን አደባባይ እንዳወጣ ይቆጠርበታል። ነገር ግን እነዚህ ሁለት የማይወሩ ጉዳዮች መገናኛቸው አንድ ነው። ሞትም ሆነ ፍቺ የሚያነሱት ጥያቄ፣ ይህ ንብረት የማን ነው? ማስረጃውስ የት አለ? የሚል ነው። በሁለቱም ጊዜ መልስ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ወረቀት ከሌለ ደግሞ ሕግ አስቀድሞ የጻፈው ይሠራል።

ቤቱ ዛሬ ሌላ ነገር ሆኗል

ጉዳዩ በተለይ በሴንትራል ዲስትሪክት የሚከብድበት ምክንያት አለ። ይህ ሰፈር ለብዙ ዓመታት ጥቁሮች በቤት ውሎች ላይ በሰፈሩ ክልከላዎችና በባንኮች አድልዎ ምክንያት ወደ ሌላው የከተማው ክፍል እንዳይወጡ ተገድበው የኖሩበት ነው። የሲያትል ከተማ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን በሕግ የከለከለችው በኤፕሪል 1968 እ.ኤ.አ. ነበር። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ የመጡ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ሰፈር፣ በቼሪና በጄፈርሰን፣ በ12ኛና በ23ኛ አቬኑ አካባቢ ተከራዩ፤ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈቱ፤ አንዳንዶችም ቤት ገዙ።

ያን ጊዜ በታክሲ፣ በፓርኪንግና በሆቴል ሥራ ተጠራቅሞ የተገዛው ቤት መጠለያ ብቻ ነበር። ዛሬ ያው ቤት ብዙ ቤተሰብ በዕድሜው ካፈራው ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ሀብት ሲሆን ደግሞ ጠያቂው ይበዛል። ቤቱ በሟች ስም እንደ ተመዘገበ ሲቆይ፣ አንዱ ልጅ ይሸጥ ሌላው አይሸጥ ሲል፣ የቤቱ ግብር ሲጠራቀም፣ በደጅ የሚመላለሰው የቤት ገዢ ዋጋ ቀንሶ ይጠብቃል። ሰፈሩን ለቀው የወጡ ቀደምት ጥቁር ቤተሰቦችን የጎዳው አንዱ ነገር ይኸው ያልተስተካከለ የውርስ ወረቀት ነው።

የተወጣበትን ሕግ ይዞ መኖር

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ከሻንጣውና ከፎቶግራፉ ጋር የሚያውቀውን ሕግም ይዞ ይወጣል። በደርግ ዘመን የወጣ ሰው የሚያውቀው በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የፍቺ ጉዳይ በመጀመሪያ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ነበር። ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለው ወገን ከጋራ ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት ይችል ነበር። እስከ ዛሬም «ጥላኝ የሄደችው እሷ ናት፤ ምንም አታገኝም» ወይም «የወሰለተው እሱ ነው፤ ቤቱ የእኔ ነው» ሲባል የሚሰማው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ያ ሕግ ግን አገር ቤትም ቀርቷል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ጀምሮ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ የጋራ ሀብትም በመሠረቱ እኩል እንዲካፈል አዟል። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ የአማራ ክልል ሕግ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው።

በዋሽንግተን ስቴት ደግሞ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍቺ ጥፋተኛ አይፈልግም። ከሁለቱ አንዱ ትዳሩ ሊጠገን በማይችልበት ደረጃ ፈርሷል ቢል ይበቃል፤ ሌላው «አልፈታም» ብሎ ሊያስቀረው አይችልም። ማመልከቻው ገብቶ ለሌላው ወገን ከደረሰ በኋላ ቢያንስ 90 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ዳኛው ንብረት ሲያካፍል ማን ከማን ጋር ታየ፣ ማን ማንን ሰደበ የሚለውን አይመዝንም። የሚመዝነው ትዳሩ ስንት ዓመት ቆየ፣ ያለው ንብረትና ዕዳ ምን ያህል ነው፣ ከፍቺው በኋላ እያንዳንዱ በምን ይተዳደራል የሚለውን ነው። ክፍፍሉ ፍትሐዊና ሚዛናዊ ይሁን ይላል ሕጉ፤ የግድ እኩል ይሁን አይልም።

ብዙውን ሰው የሚያስገርመው ሌላው ነገር የስም ጉዳይ ነው። ዋሽንግተን የጋራ ሀብት ሕግ ካላቸው ጥቂት ስቴቶች አንዷ ናት። በትዳር ዘመን በሥራ የተገኘ ደመወዝና በዚያ ደመወዝ የተገዛ ነገር፣ በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ባል ብቻውን ቢፈርም፣ ሚስት እንግሊዝኛ ባትችል፣ ወይም ቤት ውላ ልጅ ብታሳድግ ይህን አይለውጠውም። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በስጦታ ወይም በውርስ የመጣ ንብረት ግን የግል ነው። የግል የነበረውን ከጋራው ጋር ቀላቅሎ፣ ኋላ መለየት የማይቻልበት ደረጃ ያደረሰ ሰው የግልነቱን ማስረዳት ይቸግረዋል።

አንድ ሞት፣ ሁለት ውርስ

የሕግ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት እንዲህ ያለ ቤተሰብ ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው በቼሪ ስትሪት አቅራቢያ ከሚስቱ ጋር በትዳር ዘመናቸው የገዙት ቤት አለው። አዲስ አበባም ሁለቱ ከላኩት ገንዘብ የተሠራ ቤት አላቸው። ከእሷ ሁለት ልጆች ወልዷል። ከዚያ በፊት ከሌላ ሴት የወለዳት ልጅ ደግሞ አገር ቤት አለች። ይህ ሰው ምንም ሳይጽፍ ያርፋል።

የሲያትሉን ቤት የዋሽንግተን ሕግ ይዳኘዋል። ኑዛዜ ከሌለ የጋራው ሀብት በሙሉ ለሚስት ያልፋል፤ ልጆቹ፣ አገር ቤት ያለችውም ጭምር፣ ከዚህ ቤት ምንም አይደርሳቸውም። የግል ሀብት ካለው ከዚያ ግማሹ ለሚስት፣ ግማሹ ለልጆች ይሆናል።

የአዲስ አበባው ቤት ግን የሚታየው በኢትዮጵያ ሕግ ነው። በዚያ ሚስት ከጋራ ሀብት ግማሽ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ነገር ግን በሕግ የባሏ ወራሽ አይደለችም። የሟች ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፋፈላል፤ ከጋብቻ ውጪ የተወለደችውም ልጅ ከሌሎቹ አታንስም።

እንግዲህ አንድ አባት፣ አንድ ቀን ሞት፣ ሁለት ተቃራኒ ውርስ። ሲያትል ላይ ልጅቱ «አባቴን ሸሹኝ» ብላ ታዝናለች፤ አዲስ አበባ ላይ እናትየዋ «የለፋሁበትን ቤት ከእንጀራ ልጅ ጋር ልካፈል?» ትላለች። ማንም ማንንም አልበደለም። የበደለው ሳይጻፍ የቀረው ወረቀት ነው። አባትየው ሁሉንም በልቡ አደላድሎት ይሆናል፤ የልብ አሳብን ግን የትኛውም ፍርድ ቤት አያነበውም።

በዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። «ኑዛዜ ከሌለ ቤቱን መንግሥት ይወርሰዋል» የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ዘመድ ፈጽሞ ካልተገኘ በቀር መንግሥት አይወርስም። ነገር ግን ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሜዲኬይድ ወጪ የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አግኝተው ከሆነ፣ ስቴቱ ካረፉ በኋላ ወጪውን ከውርሱ ሊጠይቅ ይችላል። የትዳር ጓደኛ በሕይወት እስካለ፣ ወይም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ እስካለ ድረስ አያስመልስም። እናትና አባታቸውን ቤት ውስጥ በዚህ ፕሮግራም የሚጦሩ ቤተሰቦች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ኋላ ከመደንገጥ ይድናሉ።

ተለያይተዋል፣ ግን አልተፋቱም

ከሁሉ የሚከፋው ጉዳይ ይህ ነው። ባልና ሚስት ከ10 ዓመት በፊት ተጣልተው ተለያዩ። እሱ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ሌላ ሴት አገኘ፤ ልጅም ወለዱ። ሰው ሁሉ አዲሷን «ሚስቱ» ይላታል። ወደ ፍርድ ቤት ግን ማንም አልሄደም፤ «ምን አጨቃጨቀን፣ ተለያይተን የለም ወይ?» ተብሎ ቀረ።

ይህ ሰው ድንገት ቢያርፍ በሕግ ሚስቱ የመጀመሪያዋ ናት። በዋሽንግተን ሕግ ባልና ሚስት ተለያይተው ሲኖሩ እያንዳንዱ የሚያገኘው ገቢ የግሉ ይሆናል፤ ወራሽነት ግን የሚቋረጠው በፍቺ ውሳኔ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ገብቶ ውሳኔ ሳይሰጥ አንዱ ቢሞት እንኳ ክሱ ይቋረጣል፤ የቀረው ወገን የትዳር ጓደኛ እንደሆነ ይቆያል። አዲሷ ሴት ስንት ዓመት አብራው ብትኖር ወራሽ አይደለችም፤ ምክንያቱም ዋሽንግተን አብሮ በመኖር ብቻ የሚጸና ጋብቻን አትቀበልም። አብረው ካፈሩት ንብረት ድርሻዋን ለመጠየቅ መንገድ አለ፤ እሱም ክርክርና ማስረጃ ይጠይቃል።

ነገሩ በንብረት አያበቃም። የተጻፈ መመሪያ ከሌለ አስከሬኑ የት ይቀበር የሚለውን የመወሰን መብት የትዳር ጓደኛ ነው። ሕመምተኛው ራሱን ሲስትም፣ የሕክምና ውክልና ለማንም ካልሰጠ ሐኪሞች ቀድመው የሚጠይቁት የትዳር ጓደኛን ነው። ለ10 ዓመት ያልተነጋገረች ሴት ስለ መተንፈሻ መሣሪያው ስትጠየቅ፣ ያስታመመችው ደግሞ በኮሪደር ቆማ ልትቀር ትችላለች። ለሁለቱም ሴቶች የማይገባ ሸክም ነው።

በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ ፊት የተጋቡም ሊያስቡበት ይገባል። በአገር ቤት ሕግ ጸንቶ የተፈጸመ የሃይማኖት ወይም የባሕል ጋብቻ እዚህም ጋብቻ ነው፤ «እዚህ አልተመዘገብንም» ማለት ነጻ አያወጣም። እዚህ የሚጋቡ ግን ከሥርዓቱ በፊት ከካውንቲው ላይሰንስ ማውጣት አለባቸው። ላይሰንሱ የሚሠራው ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥም ሥርዓቱ መፈጸም አለበት።

የቦይንጉ ሠራተኛ ጉዳይ

ያልታደሰ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ የሚያሳየው ትልቁ ፍርድ የመጣው ከዚሁ ከዋሽንግተን ስቴት ነው። ዴቪድ ኤግልሆፍ የሚባል የቦይንግ ሠራተኛ ነበር። ለሕይወት ኢንሹራንሱና ለፔንሽኑ ተቀባይ አድርጎ የሞላው የሁለተኛ ሚስቱን ስም ነው። በኤፕሪል 1994 ተፋቱ። ከሁለት ወር ጥቂት አልፎ በመኪና አደጋ ምክንያት አረፈ። ኑዛዜ አልነበረውም፤ የተቀባይ ፎርሙንም አልለወጠም። የ46,000 ዶላሩ ኢንሹራንስ ለተፋታችው ሚስት ተከፈለ።

ከቀድሞ ጋብቻ የወለዳቸው ልጆቹ ከሰሱ። በእጃቸው ጥሩ ሕግ ነበር፤ የዋሽንግተን ሕግ ፍቺ ሲፈጸም ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተሰጠ የተቀባይነት መብት በራሱ ይሻራል ይላል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ለልጆቹ ፈረደ። ጉዳዩ ግን እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በማርች 21 ቀን 2001 ዳኞቹ 7 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ በአሠሪ በኩል የሚሰጥን ፔንሽንና ኢንሹራንስ የሚገዛው ኤሪሳ የተባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የስቴቱ ሕግ አይሠራበትም ብለው ወሰኑ። ኩባንያው የሚያየው በፎርሙ ላይ ያለውን ስም ነው። ገንዘቡ የተፋታችው ሚስት ሆነ።

በጃንዋሪ 2009 ይኸው ፍርድ ቤት ሌላ ተመሳሳይ ጉዳይ አይቷል። በዚያኛው የዱፖንት ኩባንያ ጡረተኛ የነበረው የዊልያም ኬኔዲ ሚስት በፍቺው ውሳኔ ላይ ከባሏ የጡረታ ቁጠባ ምንም እንደማትፈልግ ተስማምታ ነበር። ፎርሙ ግን አልተለወጠም። ወደ 400,000 ዶላር የሚጠጋው ገንዘብ ለእሷ መከፈሉ ልክ ነው ተባለ። ፍርድ ቤት የፈረመበት ፍቺ እንኳ አንድ ገጽ ያልታደሰ ፎርም አሸነፈው ማለት ነው።

በቦይንግ፣ በሆስፒታል፣ በሆቴልና በአየር መንገድ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ፎርም ሞልቷል። ብዙው የሞላው ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ከሌሎች ወረቀቶች መሐል፣ እየተቻኮለ ነው። ያን ጊዜ ያልተጋባው ዛሬ ተጋብቷል፤ የተጋባው ተፋቷል፤ ተቀባይ የተደረገችው እናት አርፋለች። ኑዛዜ ቢጻፍ እንኳ ይህን ፎርም አይለውጠውም። በኑዛዜ «ሁሉ ለልጆቼ» ብሎ በፎርሙ ላይ የቀድሞ ሚስቱን ስም የተወ ሰው፣ የ401 ኬ ገንዘቡን ያወረሰው ለእሷ ነው። የተጋባ ሠራተኛ ደግሞ፣ ሚስት ወይም ባል በጽሑፍ ካልፈቀዱ በቀር፣ እንዲህ ያለውን የጡረታ ቁጠባ ለሌላ ሰው ማድረግ አይችልም።

ሽማግሌዎች የሚችሉትና የማይችሉት

ይህ ሁሉ ሲነገር ሽምግልና ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሁለት የተኳረፉ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ልጆች በአባትና በእናት መሐል እንዳይጎተቱ ማድረግ፣ አንድ የፍርድ ቤት ወረቀት የማይሠራው ሥራ ነው። የዋሽንግተን ሕግም ባልና ሚስት በንብረታቸው ላይ ተስማምተው የሚጽፉትን ውል ይቀበላል፤ ዳኛው ግልጽ ኢፍትሐዊነት ካላየበት ያጸናዋል። የልጆች አስተዳደግና ቀለብ ግን የወላጆች ስምምነት ብቻ አይበቃውም፤ ዳኛው ለልጁ ጥቅም ሲል ራሱ ይመረምረዋል።

ችግሩ የሽማግሌ ውሳኔ በቃል ሲቀር ነው። «ቤቱን ለእሷ ትቼላታለሁ» ብሎ በሽማግሌ ፊት የማለ ሰው ስሙን ከቤቱ ሰነድ ካላወጣ፣ ከባንኩም ዕዳ ካልተላቀቀ፣ ምንም አልተደረገም። ሽማግሌዎች ካስታረቁ ወይም ካለያዩ በኋላ የመጨረሻው ጥያቄያቸው «ይህን ማን ይጽፈዋል? መቼ ይፈረማል?» የሚል ቢሆን ብዙ ቤተሰብ ይድናል።

አንድ ነገር ግን ለሽማግሌ አይተውም። ዱላ ወይም ዛቻ ያለበት ቤት የእርቅ ጉዳይ አይደለም። የቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስበት ሰው ከፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። «ወረቀትሽን አስቀድድብሻለሁ» የሚባልበት ሰውም የኢሚግሬሽን ሕጉ ጥቃት ለደረሰባቸው የትዳር ጓደኞች የተለየ መንገድ እንዳለው ይወቅ። ባል ወይም ሚስት ሲያመጡ የፈረሙት የድጋፍ ቃልም በፍቺ ብቻ አይሰረዝም።

የሚያስፈልጉት ወረቀቶች

የመጀመሪያው ኑዛዜ ነው። በዋሽንግተን ዕድሜው 18 የሞላና አእምሮው የተስተካከለ ሰው በጽሑፍ አድርጎ ይፈርማል፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርማሉ። ምስክሮቹ ወራሾች ባይሆኑ ይመረጣል፤ ወራሽ ከመሰከረ ተጽዕኖ አድርጓል የሚል ግምት ያስነሣል። በአገር ቤት ሕግ ተናዛዡ ሙሉውን በእጁ ጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ የፈረመበት ወረቀት ያለ ምስክር ይጸናል። እዚህ በእጅ ተጽፎ ያለ ምስክር መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ግን አይሠራም። ተናዛዡ ማውረስ የሚችለው የግሉንና ከጋራው የራሱን ግማሽ ብቻ መሆኑም አይዘንጋ። ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ሁለቱም ወላጆች ባይኖሩ ማን ሞግዚት እንዲሆን እንደሚመኝ የሚጽፈው እዚሁ ላይ ነው። አገር ቤት ቤት ያለው ሰው ለዚያ የተለየ ኑዛዜ ቢያስጽፍ ሥራው ይቀላል፤ ሆኖም በኋለኛው ላይ «ከዚህ በፊት የጻፍኩትን ሁሉ ሽሬያለሁ» የምትል አንዲት መስመር ከገባች የፊተኛውን ታጠፋዋለች። ለጠበቃው ሁለት ኑዛዜ እንዳለ መንገር ያሻል።

ሁለተኛው የቤቱ ሰነድ ነው። ከ2014 ጀምሮ በዋሽንግተን ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ በቀጥታ ለመረጠው ሰው እንዲያልፍ የሚያደርግ ሰነድ መሥራት ይቻላል። ሰነዱ በኖተሪ ፊት ተፈርሞ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ በካውንቲው መመዝገብ አለበት። ባለቤቱ እስካለ ድረስ ቤቱ የራሱ ነው፤ አሳቡን ከለወጠም ሊሽረው ይችላል። በሕይወት ሳሉ የልጅን ስም ቤቱ ላይ ማስገባት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቢፋታ ወይም ዕዳ ቢገባ ቤቱም አብሮ ሊጎተት ይችላል።

ሦስተኛው ውክልና ነው፤ አንዱ ለገንዘብ፣ አንዱ ለሕክምና። ውክልና በሞት ያበቃል። አገር ቤትም ሕጉ ይኸው ነው። በወንድም ውክልና የሚተዳደር ቤት ባለቤቱ ሲያርፍ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት አለባቸው። ቤቱን ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ ደግሞ መዘግየት አደገኛ ነው፤ ወራሹ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈ የውርስ ክሱ በይርጋ ሊቀር ይችላል። ቤቱ ከመጀመሪያው በወንድም ስም ተሠርቶ ከሆነ፣ ሁሉም በሕይወትና በፍቅር ሳሉ ነው ማስተካከል ያለባቸው።

አራተኛው የተቀባይ ፎርም ነው። የሥራ ቦታ ኢንሹራንስ፣ 401 ኬ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ሁሉም በየራሳቸው ይታያሉ። ማግባት፣ መውለድ፣ መፋታት ወይም የሰው ሞት በተከሰተ ቁጥር ይታደሳሉ።

አምስተኛው የቀብር መመሪያ ነው። ባለቤቱና አንድ ምስክር የፈረሙበት አጭር ጽሑፍ፣ ማን እንደሚወስንና አስከሬኑ አገር ቤት ይግባ አይግባ የሚለውን ይገላግላል።

ጠበቃ ለማነጋገር ገንዘብ የሌለው ሰው መንገድ አያጣም። የኪንግ ካውንቲ የጠበቆች ማኅበር በየሰፈሩ ነጻ የአጭር ጊዜ ምክር የሚሰጥባቸው ክሊኒኮች አሉት። የኪንግ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርትም ያለ ጠበቃ ለሚፋቱ ሰዎች ፎርሙን የሚያሳዩ ሠራተኞች አሉት፤ አቅም ለሌለው የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀር መጠየቅ ይቻላል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፍርድ ቤቱ መጠየቅም ይቻላል። ልጅን ወይም ጎረቤትን በእናትና በአባት ፍቺ መሐል አስተርጓሚ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ጠበቃ ሳይሆን «ፎርም እሞላለሁ» ከሚልም መጠንቀቅ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ሁኔታ ስላለው የመጨረሻው ምክር መምጣት ያለበት ፈቃድ ካለው ጠበቃ ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ስለ ትምህርት ይሁን ስለ ታሪክ፣ ለቤትና ለልጅም ይሠራል። ኑዛዜ የጻፈ ሰው ሞትን አልጠራም። ከለቅሶው በሦስተኛው ቀን «የተጻፈ ነገር አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሚስቱ ወይም ልጁ ከመሳቢያው አውጥተው የሚሰጡትን አዘጋጀ እንጂ። ያ ቤተሰብ ሐዘኑን እንደ ሰው ያዝናል፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሟቹን አንስቶ፣ ሳይጣላ ይበተናል።